ጫማውን ገልብጣችሁ እዩት፦ ስለ ፓርኩር ጫማ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ግድግዳ ለመውጣት፣ አጥር ለመዝለልና ከብረት ወደ ብረት ለመሸጋገር የሚሆነው ጫማ የትኛው ነው የሚሉ ናቸው። ፓርኩር፣ እንዲህ እየሮጡና እየዘለሉ መሰናክል የሚያልፉበት ስፖርት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከፓሪስ በስተደቡብ፣ ሊስና ኤቭሪ በሚባሉ ከተሞች ሲጠነሰስ ጀማሪዎቹ ዳቪድ ቤልና ጓደኞቹ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጫማ አልነበራቸውም። ዛሬ በስሙ የሚሸጡ ጫማዎች አሉ፤ ብዙ ሠልጣኝ ግን አሁንም ለሌላ ስፖርት ከተሠራው መካከል መርጦ ነው የሚለማመደው። ስለዚህ ከስም ይልቅ አመራረጡን ማወቅ ይጠቅማል።

ፓርኩር የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ያለኝ ሶሉ ወፍራም የሩጫ ጫማ ነው። ግድግዳ ላይ ስሮጥ ያንሸራትተኛል፤ ጠባብ ግንብ ላይ ሳርፍ ደግሞ እግሬ ይወላገዳል። ጓደኞቼ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ብራንድ ይነግሩኛል። ገንዘቤም ብዙ አይደለም። የቱን ልግዛ? (አንባቢ፣ ከገርጂ)

ብራንዱን ለጊዜው ተወውና ሱቅ ስትገባ ጫማውን ገልብጠህ ሶሉን እይ። የፓርኩር ጫማ የሚመረጠው ከታች ወደ ላይ ነው።

መጀመሪያ የምታየው ጎማው ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ ሳይቋረጥ መሄዱን ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ የሩጫ ጫማዎች ክብደት ለመቀነስ ሲባል ጎማ የሚለጠፍባቸው ከፊትና ከተረከዝ ብቻ ነው፤ መሀሉ ላይ ስፖንጁ ራቁቱን ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ በእግር ጎድጓዳው በኩል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባበታል። ለሯጭ ችግር የለውም። አንተ ግን ቱቦላሬ ላይ ስታርፍ በጣቶችህ ሥር ለማረፍ ብትዘልም ዝላዩ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከረዘመ ብረቱ የሚያገኝህ መሀል እግርህን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ፕላስቲክ ካለ ሳታስበው ትሄዳለህ። ራቁት ስፖንጅ በደረቅ ጊዜ ትንሽ ይሻላል፤ ግን የግንብ ጠርዝ በቶሎ ይቦጭቀዋል፤ እርጥበት ካገኘው ደግሞ አይታመንም።

ቀጥሎ የጎማው ልስላሴ ነው። በአውራ ጣትህ ጥፍር ተጫነው። ትንሽ ሰርጎድ ብሎ ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። እንደ መኪና ጎማ ጥፍር የማያስገባ ከሆነ ለዓመታት ያገለግል ይሆናል እንጂ ግድግዳ አይይዝም። ከዚያ ሶሉን በእጅህ ጠርገህ አቧራውን አንሣ፤ እጅህን ጫማው ውስጥ ከትተህ የሱቁ ወለል ላይ ወደ ታች እየተጫንህ ወደ ፊት ግፋው። ጥሩው ጎማ ይንቀረፈፋል፣ ሲጢጥ ይላል፣ እየዘለለ ነው የሚሄደው። መጥፎው ሸርተት ብሎ ያልፋል። ሁለት ጫማ በአንድ ወለል ላይ ተራ በተራ ብትሞክር ልዩነቱ ወዲያው ይገባሃል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ግድ የለህም፤ የምትከፍለው አንተ ነህ።

የሶሉን ቅርጽ በተመለከተ ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥርሱ የበዛና የጠለቀ ሶል የበለጠ የሚይዝ ስለሚመስላቸው ነው። ጭቃ ላይ እውነት ነው። ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ግን የሚይዝህ ግድግዳውን የሚነካው የጎማ ስፋት ነው። ለተራራ ሩጫ የተሠራ ጫማ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ተራርቀው የቆሙ ጥርሶች አሉት። ቀጭን ብረት ላይ ስታርፍ የሚነኩት ሁለት ወይም ሦስት ጥርሶች ብቻ ናቸው፤ ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥርሱ ራሱ ይታጠፍና እግርህን ያዘነብለዋል። የምትፈልገው ጠፍጣፋ፣ ጥልቀቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የተቀራረበ ቅርጽ ነው። ፈጽሞ ልሙጥ የሆነውም በደረቅ ጊዜ ይይዛል፤ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ስለሌለው ግን በዝናብ አደገኛ ነው።

እግሬ ይወላገዳል ያልከው ከውፍረቱ የመጣ ነው። አሁን ከሚሸጡት የሩጫ ጫማዎች ብዙዎቹ ተረከዛቸው ጋ 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወፍራሉ። የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ውድድር የፈቀደው ጣሪያ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙ የማራቶን ጫማ እዚያው አፋፉ ላይ ነው የቆመው። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ይህ ምቾት ነው። ጠባብ ግንብ ላይ ግን እግርህ ከፍ ብሎ ለስላሳ ነገር ላይ ስለሚቆም ትንሿ ማዘንበል ቁርጭምጭሚትህ ላይ ስትደርስ ትልቅ ትሆናለች፤ በዚያ ላይ ጠርዙ የት እንዳለ እግርህ አይነግርህም። ለጀማሪ የምንመክረው ተረከዙ ጋ ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ የተረከዙና የፊቱ ልዩነት ከ8 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጫማ ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሚወርደውን ማረፍ በደንብ ከቻልክ በኋላ ትሞክረዋለህ።

ጫማውን ጫፍና ጫፉን ይዘህ እጠፈው። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። ከመሀሉ እንደ ደብተር የሚታጠፍ ከሆነ ደካማ ነው፤ ጭራሽ የማይታጠፍ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ሳህን የሚባል ጠንካራ ዝርግ ገብቶበታል ማለት ነውና ለሯጮች ተወው። ግድግዳ ላይ ስትሮጥ የመጀመሪያዋ እርምጃ የምትገፋው ከጣቶችህ ሥር ነው፤ ደርቆ የሚቀር ሶል ግድግዳውን የሚነካው በጫፉ ብቻ ነው። ያንሸራትተኛል ያልከው ግማሹ ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ስለ ላይኛው ክፍል የምንለው አጭር ነው። ካት ሊፕ፣ ማለትም ዘሎ የግንብ ጠርዝ በእጅ ይዞ እግርን ግድግዳው ላይ መትከል፣ የጫማውን አፍንጫ ይበላል። የሶሉ ጎማ አፍንጫው ላይ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቢወጣ ዕድሜው ይረዝማል። አፍንጫው ጋ ወንፊት ጨርቅ ብቻ ያለው ቶሎ ይቀደዳል። ስፌቱ ወጥቶ የሚታይ ከሆነም ክሩን ግድግዳው ይቆርጠዋል። ማሰሪያውን ካሰርክ በኋላ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ወትፋቸው፤ የተንጠለጠለ ማሰሪያ አጥር ላይ ተይዞ ሰው ጥሏል።

አሁን ወደ ገበያው። አውሮፓ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሠልጣኞች ምርጫ የነበረው የፈረንሳዩ የስፖርት ዕቃ መደብር የዲካትሎን ርካሽ የሩጫ ጫማ፣ ካሌንጂ ይባል የነበረው ነው፤ ቀላል፣ ቀጭንና ጎማው የሚይዝ ስለነበር። ነገር ግን ፋብሪካዎች ስሙን እንደያዙ ሶሉን ይቀይራሉ፤ ትናንት የተወደሰው ሞዴል ዛሬ ሌላ ጫማ ሊሆን ይችላል። ውሹ በሚባለው የቻይና ማርሻል አርት ሠልጣኞች ዘንድ የሚታወቀው የሻንጋይ ሸራ ጫማ ፌይዩዌ ብረት ላይ ጥሩ ስሜት ይሰጣል፤ ለከፍታ ግን ተረከዙ ስስ ነው። የስኬትቦርድ ጫማ ጠፍጣፋና ጠንካራ ነው፤ ይከብዳል፣ እስኪለሰልስም ጊዜ ይፈልጋል። አዲዳስ እ.ኤ.አ. በ2011 የገዛው ፋይቭ ቴን ጎማው ከአለት መውጫ ጫማ የመጣ በመሆኑ መያዙ አያጠያይቅም፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን ለአንተ አይሆንም።

በአንተ ቦታ ላለ ሰው የኛ ምርጫ የፉትሳል ጫማ ነው። ታኬታ አይደለም፤ የአዳራሽ ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሶሉ ጠፍጣፋ ጎማ የሆነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል፣ ጎማው ለስላሳ ነው፣ አፍንጫው ኳስ ለመምታት ስለተጠናከረ ግድግዳ አይበላውም። ሁለት ጉድለት አለበት፦ ከፊት ይጠባል፣ ተረከዙም ስስ ነው። ለመጀመሪያው ሰፋ ያለውን ሞዴል ፈልግ፤ ለሁለተኛው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ንጣፍ ከውስጥ ጨምር። ጥርሱ ብዙ ትንንሽ እሾህ የሆነው ለሰው ሠራሽ ሣር የተሠራ ስለሆነ እንዳትሳሳት፤ ከሩቅ ይመሳሰላሉ።

በእጅህ ሁለት ጫማ ካለና የቱ እንደሚይዝ መለየት ከፈለግህ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ሳንቃ ይበቃሃል። ጫማው ውስጥ 2 ኪሎ አሸዋ በላስቲክ አድርገህ አስቀምጥ፣ ሳንቃው ላይ አቁመው፣ የሳንቃውን አንድ ጫፍ ቀስ እያልክ አንሣ። መንሸራተት ሲጀምር ጫፉ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተነሣ ለካ። 60 ሴንቲ ሜትር ላይ የተንሸራተተና 70 ላይ የተንሸራተተ ጫማ በጣም ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው የሚይዘው ወደ ታች ከሚጫነው ኃይል ሦስት አራተኛውን ያህል ነው፣ ሁለተኛው ሙሉውን ያህል ይቀርባል። ልኩ የሚያገለግለው ሁለት ጫማ ለማወዳደር ብቻ ነው፤ ግድግዳህ ሳንቃ አይደለምና።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የፓርኩር ጫማ ልትልክልኝ ነው። እዚህ የምለብሰው 42 ቁጥር ነው። 42 ብዬ ብነግራት ይበቃል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

አይበቃም። 42 የአውሮፓ ቁጥር ነው፤ እዚያ የሚሸጠው በአሜሪካ ቁጥር ነው፤ የአሜሪካው ደግሞ የወንድና የሴት ይለያያል። የሴቱ ቁጥር ከወንዱ በ1.5 ያህል ይበልጣል፤ የወንድ 8 የሆነው ጫማ የሴት 9.5 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። የአንዱ 42 የሌላው 41.5 ሆኖ ታገኘዋለህ።

እግርህን በሴንቲ ሜትር ለክተህ ንገራት። ማታ ለካ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣል። የምትለማመድበትን ካልሲ አድርግ። ወረቀት ወለል ላይ አንጥፈህ ተረከዝህን ግድግዳ አስነክተህ ቁም፤ ተቀምጠህ አይሆንም፣ ክብደትህ ሲያርፍበት እግር ይረዝማል። ከሁሉ የረዘመው ጣት ጫፍ ላይ ምልክት አድርግ፤ የብዙ ሰው ሁለተኛ ጣት ከአውራ ጣቱ ይረዝማል። ሁለቱንም እግር ለካና ትልቁን ያዝ። ጫማው ምላስ ላይ በተሰፋው ወይም በታተመው ምልክት ላይ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከአውሮፓ ቁጥር ጎን በሴንቲ ሜትር የተጻፈ ቁጥር ብዙ ጊዜ አለ፤ ከጃፓን መለያ ጋር የሚጻፈውም እሱ ነው። እህትህ የምትፈልገው ያንን ነው። እግርህ 26 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 26.5 የሚለውን ትመልከት።

ሯጮች ከጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋሉ። በፓርኩር ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ከተረፈ ግድግዳ ላይ ስትረግጥ ባዶው አፍንጫ ይታጠፋል፣ ዝላይ ስትለካም የጫማህ ጫፍ ከእግርህ ጫፍ ስለሚቀድም ያደናቅፍሃል። ጣትህ እስኪነካ ከጠበበ ደግሞ በእያንዳንዱ ማረፍ ጥፍርህ ይመታል፤ በሳምንታት ውስጥ ይጠቁራል።

ጫማው ሲደርስህ ንጣፉን አውጥተህ ወለል ላይ አድርግና ቁምበት። እግርህ ከንጣፉ ዳር ከፈሰሰ ጠቦሃል፤ ማሰሪያውን ማላላት አያድነውም። ተረከዝህ ከተነሣ ግን መድኃኒት አለው፦ በየጎኑ ከሁሉ በላይ የምታገኛት ተጨማሪ ቀዳዳ ለዚህ ነው የተሠራችው። ማሰሪያውን በዚያው በኩል ባለችው ቀዳዳ ከላይ ወደ ውስጥ አስገባና ትንሽ ቀለበት ተው፤ በሌላውም እንዲሁ። ከዚያ የእያንዳንዱን ጫፍ በተቃራኒው ቀለበት አሳልፈህ ወደ ታች ሳብ። ተረከዝህ ይቀመጣል።

ሰልባጅ ጫማ ለፓርኩር መግዛት ይቻላል? ዋጋው ሩብ አይሞላም፤ አንዳንዱም አዲስ ይመስላል። (አንባቢ፣ ከአዳማ)

ይቻላል፤ ያው «አዲስ የሚመስለው» ነው ይበልጥ የሚያሳስበው። የጫማ ሶል ስፖንጅ በአብዛኛው ከሁለት ነገር ይሠራል። አንዱ ኢቪኤ ነው፤ ሲያረጅ ይጠነክራል፣ ይጠፈጥፋል፣ እንጂ አይፈርስም። ሌላው ፖሊዩሬቴን ነው፤ ይህ በአየር ውስጥ ካለ እርጥበት ጋር ቀስ በቀስ ይዋሃድና ከውስጥ ይበሰብሳል። ሳይለበስ ካርቶን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ጫማ ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ የመጀመሪያው ዝላይ ላይ ሶሉ እንደ ደረቀ ኬክ ይፈረፈራል። እንዲያውም እየተለበሰ የቆየው ብዙ ጊዜ ከተቀመጠው ይሻላል።

ስለዚህ የሶሉን ጎን በአውራ ጣትህ ጠበቅ አድርገህ ተጫን። ቢሰነጠቅ፣ ዱቄት ነገር ቢያራግፍ ወይም እጅህ ላይ ቢጣበቅ አስቀምጠው። ቀጥለህ ጫማውን እጠፍና ጎማው ከስፖንጁ ጋር የተጣበቀበትን መስመር ዙሪያውን እይ፤ የተከፈተ አፍ ካለ ማስቲሹ ደርቋል። ሁለቱን ጫማዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከኋላ ተመልከታቸው። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያጋደለ ተረከዝ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ነው፤ አንተንም ወደዚያው ይጥልሃል። ጎማው ጥፍር የማያስገባ ሆኖ ከጠነከረ፣ የተረፈው ቅርጽ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለመራመጃ ብቻ ነው። ጎማውም በእርጅና ይደርቃልና።

የ12 ዓመት ልጄ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፓርኩር ጂም ይሄዳል። ከልምምድ በኋላ ተረከዙን ያመዋል። ቁርጭምጭሚቱን የሚይዝ፣ ወፍራም የባስኬትቦል ጫማ ልግዛለት ብዬ አስቤያለሁ። ትክክል ነኝ? (እናት)

እናቴ፣ ከጫማው በፊት ሕመሙን እንይ። ከ8 እስከ 14 ባለው ዕድሜ፣ በተለይ ልጁ በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት፣ ከተረከዝ ጀርባ ያለው የአጥንት ማደጊያ ቦታ ገና አልጠነከረም፤ ከባት የሚወርደው ጅማት ደግሞ በሮጠና በዘለለ ቁጥር ይጎትተዋል። ሲቨር የሚባለው የልጆች የተረከዝ ሕመም ይህ ነው። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በጣቶችዎ ጠበቅ ሲያደርጉት የሚያመው ከሆነ ያንኑ ያመለክታል፤ ማረጋገጡ ግን የሐኪም ነው። የሚያነክስ ከሆነ፣ ቦታው ካበጠ፣ ተኝቶም የሚያመው ወይም ሌሊት የሚያስነሣው ከሆነ ሳይዘገዩ ያሳዩት። እስከዚያው ዝላዩን ይቀንስ፤ በእጅ የሚሠራው፣ ሚዛን መጠበቁና መንከባለሉ ይቀጥል።

የባስኬትቦሉን ጫማ ግን አንመክርም። አንገቱ ረጅም መሆኑ ቁርጭምጭሚት እንዳይዞር ያን ያህል አያግድም፤ የሚያግደው ልጁ ሲያርፍ መታጠፍ ያለበትን ነው። ጥሩ አስተራረፍ ከጣቶች ሥር ይጀምራል፣ ተረከዙ በቀስታ ይነካል፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌ ተራ በተራ ይታጠፋሉ። ቁርጭምጭሚቱ ከታሰረ የማረፉ ምት ጉልበቱ ላይ ይደርሳል። ክብደቱም ለትንሽ ልጅ ብዙ ነው።

ለልጅዎ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ተረከዝ ያለው፣ ከፊቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚል፣ ጎማው ሙሉ የሆነ ዝቅተኛ ጫማ ይግዙለት። ለሌሎች የምናደንቀው ስስና ጠፍጣፋ ጫማ ለእሱ አሁን አይሆንም፤ ተረከዙ ዝቅ ባለ ቁጥር ጅማቱ ይበልጥ ይጎትታል። ሕመሙ እስኪያልፍ ለሁለቱም ጫማ፣ አንዱ እግር ብቻ ቢያመውም፣ የተረከዝ ትራስ ቢያስገቡ ይረዳል። «ያድግበታል» ብለው ሁለት ቁጥር የሚበልጥ እንዳይገዙ። የምናውቀው ልማድ ነው፤ ለትምህርት ቤት ጫማ ይሠራል፣ ለዝላይ አይሠራም። በየሁለት ወሩ እግሩን ይለኩ።

አሠልጣኙንም አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ልጁ ከምን ያህል ከፍታ ይዘላል? ገና እየተማረ ያለ ልጅ ከገዛ ወገቡ ከፍታ በላይ ደጋግሞ ሊወርድ አይገባም። ሲያርፍ ድምፁ ከተሰማ፣ ጧ ካለ፣ ችግሩ ጫማ አይደለም፤ ወፍራም ሶል ድምፁን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያስተካክለውም።

አዲስ ጫማ ገዝቼ የመጀመሪያው ቀን ላይ ከአሮጌዬ የባሰ አንሸራተተኝ። ተታልዬ ነው? ክረምት ሲመጣስ ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

አልተታለልሽም። ሶል ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የሚቀባው ነገር ፊቱ ላይ ስስ ሆኖ ይቀራል። በለብ ያለ ውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ እሺው፣ አድርቂው፣ ከዚያ ሻካራ ሲሚንቶ ላይ አንድ ሁለት ቀን ተራመጂበት። ካልተሻለው ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሶሉ ላይ በቀስታ አስኪጂበት፤ ፊቱን ብቻ፣ ቅርጹን እስኪያጠፋ አይደለም። ቤንዚን ወይም አሴቶን እንዳትነኪ፤ ማስቲሹን ያላቅቃሉ።

በጋ ላይ ጠላትሽ አቧራ ነው። ደቃቅ አቧራ በጎማውና በግድግዳው መሀል ገብቶ ይንከባለላል፤ ምርጡ ጎማም እዚያ ላይ ምንም አያደርግም። ከመዝለልሽ በፊት ሶልሽን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊና በደረቅ ድገሚው፤ የምታርፊበትንም ግንብ በእጅሽ አጽጂው። የቀለም ዱቄት የሚያራግፍ ግድግዳ ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።

ክረምት ላይ ከጫማው ይልቅ የምትረግጪው ቦታ ይወስናል። ሻካራ ሲሚንቶና ጥርብ ድንጋይ እርጥብ ሆነውም ይይዛሉ። በዘይት ቀለም የተቀባ ቱቦላሬ፣ ቴራዞ፣ የተወለወለ ግራናይትና ሴራሚክ ግን ውሃ ሲነካቸው የትኛውም ጫማ አያድንም። ኮብልስቶንም ብዙ እግርና ጎማ ያለፈበት መሀሉ ተወልውሏል፤ ዳር ዳሩን ያዢ። ብረት ላይ መዝለል በዝናብ ቀን ይቅር፤ ያን ቀን ለሚዛንና ለእጅ ልምምድ አድርጊው። ጫማሽ ከራሰ ንጣፉን አውጪ፣ ውስጡን ጋዜጣ ሙዪው፣ ጥላ ውስጥ አድርቂው። ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት ጎማውንም ማስቲሹንም ያበላሻል።

ባዶ እግር መለማመድ እግርን ያጠነክራል ይባላል። ጫማ ለምን አስፈለገ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

ያጠነክራል፤ ከልምምዱ መጨረሻ ላይ ንጹሕ ቦታ ላይ 10 ደቂቃ ሚዛን መጠበቅና ዝቅተኛ ዝላይ በባዶ እግር ጥሩ ነው። ሙሉ ልምምድ ግን አይሆንም። የካት ሊፕ አንድ ስህተት ጥፍር ይነቅላል፤ ስብርባሪ ጠርሙስ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የለውም። መጠኑን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምር፤ ባትህና የውስጥ እግርህ በማግስቱ ካመመህ አብዝተሃል።

የጫማዬ አፍንጫ ከሶሉ ተላቆ አፉን ከፈተ። ሰፊ ጋ ልውሰደው ወይስ ልጣለው? ጎማው ገና ደህና ነው። (አንባቢ፣ ከጎንደር)

ጎማው ደህና ከሆነ አትጣለው፤ ግን መጀመሪያ ሱፐር ግሉ የሚባለውን አርቀው። እሱ ሲደርቅ እንደ መስታወት ይሆናል፤ አፍንጫ ደግሞ በየእርምጃው የሚታጠፍ ቦታ ነው፤ ይሰነጠቅና ለቀጣዩ ማስቲሽ የማይመች ቅርፊት ይተዋል። የሚያስፈልግህ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ነው። የተከፈተውን አፍ በእንጨት ወጥረህ አቧራውንና የድሮውን ማስቲሽ ጥረግ፣ ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ በደረቅ ጨርቅ አጽዳ። ማስቲሹን ለሁለቱም ፊት ስስ አድርገህ ቀባና አታጣብቅ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቅ። በጣት ሲነካ የማይቀባ ግን የሚይዝ ሲሆን ነው የሚጣበቀው። ብዙ ሰው እርጥብ እንደሆነ ያጣብቅና በሁለት ቀን ይከፈትበታል። ካጣበቅህ በኋላ ከውስጥ ጨርቅ ሞልተህ በጎማ ክር ጠበቅ አድርገህ እሰረውና 24 ሰዓት አትንካው።

ሰፊ ጋ ከወሰድከው አፍንጫውን ከጎን በኩል ዙሪያውን እንዲሰፋልህ ንገረው፤ ክሩ በጎማው ጎን ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ይግባ። ከታች የሚረገጠው ፊት ላይ የወጣ ክር ሲሚንቶው በጥቂት ቀን ይቆርጠዋል። ከመኪና ጎማ አዲስ ሶል ልምታልህ ቢልህ አመስግነህ እምቢ በል። ለበረባሶ የታወቀ ነው፤ ለግድግዳ ግን ጠንካራና ከባድ ነው፣ አይታጠፍም።

ጎማው ተበልቶ ስፖንጁ ብቅ ያለበት ቦታ ካለ፣ ከጣቶችህ ሥር የሳንቲም ያህል እንኳን ቢሆን፣ ማጣበቁን ተወው። የስፖንጁ ጎን ላይ አግድም የተኮማተሩ መስመሮች ጫማው ባዶውን ቆሞም የማይጠፉ ከሆነ ስፖንጁ ሞቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ለመንገድ ልበሰው፤ አፍንጫው ላይ ያለውን ደህና ጎማ ግን ሰፊው ቆርጦ ለሚቀጥለው ጫማህ አፍንጫ መለጠፊያ ሊያደርግልህ ይችላል።